«ለምትወዱት ሁሉ አጋሩ» የሚል የጤና መልእክት ሲደርስዎ

በቤተሰብ ቴሌግራም ወይም በዕድር ዋትሳፕ የሚዞር የጤና ወሬ ከሥሩ የተፈጠረ ውሸት የሚሆንበት ጊዜ ትንሽ ነው። ሩቅ የሚሄደው ጎዶሎ እውነት ነው፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀን ወይም «ገና» የምትል አንዲት ቃል የወደቀችበት። «እውነት ነው ውሸት?» ብለው ከጀመሩ ላኪው እውነት የሆነውን ግማሽ ይዞ፣ እርስዎ ሌላውን ግማሽ ይዘው ስትጓተቱ ይመሻል። ይልቅ የወደቀውን ቁራጭ ይፈልጉ።

ያመነው ሰው ነገ ጠዋት ምን ያደርጋል?

የሚመጣውን ሁሉ ማጣራት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። መልእክቱን አንብበው ሲጨርሱ የሚጠይቁት ይህንኑ ብቻ ነው። ያመነው ሰው የሚውጠው፣ የሚጠጣው ወይም የሚወጋው ነገር ካለ፣ የጀመረውን መድኃኒት የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ወይም ሐኪም ቤት መሄዱን የሚያዘገይ ከሆነ ሌላ ሥራዎን ትተው ያጣሩ። ከሦስቱ ውጪ ከሆነ ይለፉት። ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል በማር ከሚጠጣ አጎት ጋር መጣላት ለምንም አይበጅም፤ ያ አጎት የደም ግፊት ክኒኑን ጥሎ ዝንጅብሉን ብቻ የያዘ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የሚጠጣ ነገር ለምን ቅድሚያ እንደሚሰጠው ኢራን በቂ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያዎቹ ወራት «አልኮል ኮሮናን ይገድላል» የሚል ወሬ ያመኑ ሰዎች ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል የገባበት መጠጥ ጠጥተው በመቶዎች የሚቆጠሩት ሞቱ፤ ከተረፉትም ዓይናቸውን ያጡ አሉ። ወሬው ውስጥ እውነት ነበር፤ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሆነ አልኮል ቫይረሱን ይገድላል። የወደቀችው ቁራጭ «እጅ ላይ» የምትለዋ ናት።

ማዘግየት ቀላል ይመስላል፤ በእኛ ግምት ግን ብዙ ጉዳት የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ትኩሳት የያዘውን ሰው «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቁለት» ሲሉት የሚጎዳው ዳማከሴው ሳይሆን የሚያልፈው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ መልሱ «ዳማከሴ አትጠቀሙ» አይደለም፤ «ዳማከሴውንም አድርጉለት፣ የደም ምርመራው ግን ዛሬውኑ ይሁን» ነው። የመጀመሪያው ክርክር ይከፍታል፣ ሁለተኛው ሰውየውን ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል።

መልእክቱን እንደ ዶሮ መበለት

አንድ መልእክት አንድ ሐሳብ አይደለም፤ በየብልቱ መለየት አለበት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ስለ ኮሮና በብዙ ቋንቋ ዓለምን ያዳረሰውን ዓይነት እንውሰድ፦

«አስቸኳይ! ውጭ አገር ሆስፒታል የምትሠራ ሐበሻ ዶክተር የላከችው ነው። ቫይረሱ ሳንባ ከመግባቱ በፊት 4 ቀን ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። በሙቅ ውኃና በጨው ከተጉመጠመጡ፣ በየ15 ደቂቃውም ውኃ ከጠጡ ወደ ጨጓራ ወርዶ በአሲድ ይሞታል። ለምትወዱት ሁሉ አጋሩ።»

ላኪዋ ስም የላትም፣ ሆስፒታሉ ስም የለውም፣ ከተማው አልተጠቀሰም። «ሐበሻ» እና «ዶክተር» የሚሉት ሁለት ቃላት ማስረጃ ሆነው ሳይሆን እምነት ለመጠየቅ የገቡ ናቸው። ይህን ያዙና ይለፉ፤ ስም አለመኖሩ ብቻውን መልእክቱን ውሸት አያደርገውም።

«4 ቀን ይቀመጣል» የሚለው ዋናው ስህተት ነው። ቫይረሱ እንደ አቧራ ጉሮሮ ላይ አርፎ አይጠብቅም፤ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ እዚያው ይባዛል። ከተጋለጡበት ቀን ምልክት እስኪታይ በአማካይ 5 ወይም 6 ቀን ያልፍ ነበር፣ ግን በእነዚያ ቀናት ቫይረሱ ሥራ ላይ ነው። ሕዋስ ውስጥ የገባን ነገር ጉምጥምጦሽ አያወጣውም። «በየ15 ደቂቃ» የምትለዋ ደግሞ ልኩ የታወቀ ለማስመሰል የገባች ናት፤ ቁጥር ሁልጊዜ የተለካ ነገር ያስመስላል። ጨጓራ አሲድ እንዳለው፣ አሲዱም ብዙ ተሕዋስያን እንደሚገድል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕመሙን የሚያመጡት ወደ ጨጓራ የወረዱት አይደሉም።

የተረፈው ብልት ጨውና ሙቅ ውኃ ነው። እሱ እውነት ነው፣ የጉሮሮ ሕመም ያስታግሳል። መልስዎን የሚጀምሩት ከዚህ ነው፣ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ጉዳቱም የት እንዳለ አሁን ይታያል። ጉዳቱ ጨው ውኃው ውስጥ የለም፤ «ተጉመጥምጫለሁ» ብሎ እያሳለ ለቅሶ ቤት የሚገባው ሰው ጋ ነው ያለው።

ትክክለኛ መልእክትም በመንገድ ላይ ይበላሻል። በኮሌራ ወቅት የሚዞረውን የቤት ውስጥ የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ መጠጥ) አዘገጃጀት ይመልከቱ። ልኩ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ የተከመረ አይደለም። ይህ በድምፅ ሲተላለፍ ስኳርና ጨው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ወይም «ግማሽ» ትወድቅና «አንድ» ትተካለች። ጨው የበዛበት ውኃ ለሕፃን አደገኛ ነው። ስለዚህ መጠን ያለበትን ማንኛውንም መልእክት ሲያስተላልፉ ቁጥሩን በጽሑፍ ያስቀምጡ፣ መለኪያውንም ሰው ቤት ያለውን ያድርጉት፤ ባለ አንድ ሊትር የውኃ ሃይላንድ ወይም ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር። ፓኬቱ ከተገኘ ከቤቱ ይሻላል፤ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ ተነቦ ነው የሚበጠበጠው።

ቀኑ የማን ቀን ነው?

የሁለት ዘመን አቆጣጠር ባለቤት መሆን ለወሬ አመቺ ነው። «2013» የሚል ቀን ያለበት ጽሑፍ በእኛ ከሆነ እ.ኤ.አ. 2020 እና 2021 ላይ ያርፋል፤ በፈረንጅ ከሆነ ከኮሮና ሰባት ዓመት ይቀድማል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። በዚህ ምክንያት የድሮ ማስጠንቀቂያ አዲስ ሆኖ ይመጣል፤ አዲሱም «ድሮ ነው» ተብሎ ይጣላል። ጽሑፉ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ካላለ ውስጡ ካለ ሌላ ነገር ያመሳክሩ፤ የሚኒስትር ስም፣ የበዓል ቀን፣ የክረምት ዝናብ።

ፎቶና ቪዲዮ ሲሆን እንዲህ ያድርጉ። ቪዲዮውን የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከላይ የተለጠፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ቆርጠው ይጣሉ፣ ፍለጋውን የሚያሳስተው እሱ ነው። ምስሉን በጉግል ሌንስ ይፈልጉ። ከሚመጣው ውጤት የመጀመሪያውን ሳይሆን የቀን ዕድሜው ረጅሙን ይክፈቱ። ምንም ካልመጣ ሌላ ሰከንድ ላይ ያቁሙና ይድገሙት፤ የሰው ፊት ከሚታይበት ይልቅ የሕንፃ፣ የታርጋ ወይም የግድግዳ ጽሑፍ የሚታይበት ፍሬም የተሻለ ያስገኛል። ዋትሳፕ ላይ ድርብ ቀስት ካዩ መልእክቱ ቢያንስ አምስት እጅ አልፏል ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ «ፎርዋርድ የተደረገው ከ» የሚለውን ስም ይንኩት፣ ብዙ ጊዜ ምንጩ ቻናል ራሱ ይከፈታል፤ ቻናሉ ትናንት የጫማ ማስታወቂያ ሲለጥፍ እንደነበር ማየት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ ማኅተምና ቲተር ዓይንዎን እንዳይወስድብዎ። ማኅተም በስልክ ይቀዳል። የወጪ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ለማን እንደተጻፈ ይመልከቱ፤ ከዚያ ሊንኩን ሳይነኩ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ራስዎ ፈልገው ይግቡ። በስሙ ላይ አንድ ፊደል የጨመሩ አስመሳይ ቻናሎች ብዙ ናቸው።

«መድኃኒት ተገኘ»

አማርኛ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ክኒኑንም፣ ፈውሱንም፣ የአይጥ መርዙንም ይጠራል። «ሊያድን ይችላል» ደግሞ አንዱ ሰው «ምናልባት» ብሎ ይሰማዋል፣ ሌላው «አቅም አለው» ብሎ። ተመራማሪው የመጀመሪያውን ብሎ ሳለ ዜናው ሁለተኛውን ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ ዜናው ላይ ግሡን ያስምሩበት፦ «ታየ»፣ «እየተሞከረ ነው»፣ «ተመዘገበ»። ሦስቱ መካከል ዓመታት አሉ።

ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ በብልቃጥ ይሞከራል፤ በብልቃጥ ቫይረስ የሚገድል ነገር ሞልቷል፣ በረኪናም ይገድላል። ቀጥሎ በእንስሳት። ከዚያ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ፣ ይህም ጉዳት እንደሌለው ለማየት እንጂ መፈወሱን ለማረጋገጥ አይደለም። ከዚያ በመቶዎች። በመጨረሻ በሺዎች፣ ግማሾቹ መድኃኒቱን ግማሾቹ ሌላ እየወሰዱ፣ ማን የትኛው ጋ እንደሚገባም በዕጣ እየተለየ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የጤና ሚኒስቴር በባህል መድኃኒት ላይ የተመሠረተ የኮሮና ምርምር የመጀመሪያ ደረጃዎቹን አልፎ ወደ ቀጣይ ሙከራ ሊሸጋገር መሆኑን ሲያሳውቁ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ «ኢትዮጵያ መድኃኒት አገኘች» ሆኖ አደረ። መግለጫው ስለ ደረጃ ነበር፣ ወሬው ደረጃውን ጥሎ ስሙን ብቻ ወሰደ።

የተፈተነ መድኃኒትም ቢሆን «ለማን?» የሚለው ይወድቅበታል። ዴክሳሜታዞን ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 እንግሊዝ ውስጥ በተካሄደው ሪከቨሪ በተባለው ትልቅ ሙከራ በእርግጥ ነፍስ እንደሚያድን ታየ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት ሕሙማን ካልወሰዱት 41.4 በመቶ ሲሞቱ ከወሰዱት የሞቱት 29.3 በመቶ ነበሩ። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን ጥቅም አልተገኘም፤ እንዲያውም ካልወሰዱት 14.0 በመቶ፣ ከወሰዱት 17.8 በመቶ ሞተዋል። ይህን ዜና «የኮሮና መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው» ብሎ ያስተላለፈ ሰው የዋሸው ነገር የለም። የጣለው «ኦክስጅን ለሚያስፈልገው» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቤቱ ሆኖ ቀላል ሕመም የያዘው ሰው ግን ፋርማሲ የሚሄደው በዚያች ጉድለት ነው። በዚያው ሙከራ ስሙ የገነነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ ጥቅም አላሳየም፤ ከወሰዱት 27.0፣ ካልወሰዱት 25.0 በመቶ ሞቱ።

«ጥናት አረጋግጧል» ሲባል

የትኛው ጥናት፣ በስንት ሰው፣ ዛሬስ በሕይወት አለ? ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። ያሳተመው መጽሔት ላንሴት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው፤ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ ግንኙነት አላገኘም። ወሬው ግን ዛሬም «ጥናት አለ» እያለ ይዞራል፣ ጥናቱ መኖሩ እውነት ነውና። መሰረዙን ለማወቅ የጽሑፉን ርእስ በእንግሊዝኛ አስገብተው መጽሔቱ ገጽ ላይ ማየት በቂ ነው፤ የተሰረዘ ጽሑፍ ከላይ በግልጽ ምልክት ይደረግበታል።

ይህ ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይገድላል የሚል ጽሑፍ እዚያው ላንሴት ላይ ወጥቶ ነበር፤ መረጃውን አቀረበ የተባለው ሰርጂስፌር የተባለ ኩባንያ መረጃውን ማስመርመር ስላልቻለ ጽሑፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰረዘ። እርስዎ የሚደግፉትን ሐሳብ የሚያግዝ ጥናት ሲመጣም ያው መጠየቅ አለበት።

«ዶክተር» የሚለው ማዕረግም ይፈተሽ። በእኛ አገር የኢኮኖሚክስ ምሁሩም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የሳንባ ስፔሻሊስቱም ዶክተር ናቸው። የምን ዶክተር እንደሆነ ያልተናገረ ሰው ስለ ክትባት ሲናገር የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን።

ከስንት?

ቁጥር ሲመጣ ሁለት ነገር ይፈልጉ፤ ከስንት እንደሆነና ከማን ጋር እንደተወዳደረ። ብዙ የክትባት ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ነው።

10,000 ሰው ያለበት ቀበሌ እናስብ። 9,000ው ተከትቧል፣ 1,000ው አልተከተበም። ከተከተቡት 18፣ ካልተከተቡት 10 ሰው ሆስፒታል ገባ እንበል። ወሬው «ሆስፒታል ከገቡት 28 ሰዎች 18ቱ የተከተቡ ናቸው!» ይላል፣ አልዋሸም። አሁን ያካፍሉት። ከተከተቡት 18 ከ9,000፣ ማለትም ከ1,000 ሰው 2። ካልተከተቡት 10 ከ1,000። ያልተከተበው አምስት እጥፍ ተጋላጭ ነው። የወደቀው ቁጥር 9,000 ነበር። ይህንን ሒሳብ በወረቀት ጽፈው ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ በቃል ሲነገር ማንም አይከተለውም።

በሌላ በኩል «95 በመቶ ይከላከላል» የሚለውም በደንብ ካልተብራራ ያሳስታል። በፋይዘር የኮሮና ክትባት ዋና ሙከራ ወደ 18,000 ከሚጠጉ የተከተቡ ሰዎች 8፣ ተመሳሳይ ቁጥር ካላቸው ካልተከተቡት 162 ታመሙ። 95 በመቶ የመጣው 8ን ከ162 ጋር በማነጻጸር ነው። «ከ100 የተከተበ ሰው 5ቱ ይታመማል» ማለት አይደለም፤ «ማንም አይታመምም» ማለትም አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ «ክትባቱ ምንም ጉዳት የለውም» ብሎ መመለስ ራሱ የተሳሳተ መረጃ ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ለአገሮች ክትባት ያከፋፍል በነበረው ኮቫክስ በኩል 2.184 ሚሊዮን ዶዝ የተቀበለችው አስትራዜኔካ በጣም አልፎ አልፎ ያልተለመደ የደም መርጋት አስከትሏል፤ እንግሊዝም በዚያው ጊዜ መጀመሪያ ከ30 ዓመት በታች፣ በኋላ ከ40 በታች ላሉት ሌላ ክትባት እንዲቀድም መከረች። ይህን ደብቆ የተከራከረ ሰው በሁለተኛው ቀን ይጋለጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን እውነት ማንም አይሰማውም። «አለ፣ እጅግ ጥቂት ነው፣ ምልክቱም ከክትባቱ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ነው፣ ካዩ ሐኪም ቤት» ማለት ይሻላል።

በአራት ስም የሚጠራ አንድ ክኒን

ውጭ ያሉ ዘመዶች በሚልኩት ምክር ብዙ የሚሳሳተው የመድኃኒት ስም ነው። አሜሪካ ታይሌኖል፣ ዱባይና ሪያድ ፓናዶል፣ እስራኤል አካሞል፣ አዲስ አበባ ፓራሲታሞል የሚባለው አንድ ነገር ነው። «ታይሌኖሉንም ከፓራሲታሞሉ ጋር ውሰጂ» የሚል ቅን ምክር መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓት ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ 8። ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል፣ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ያው ንጥረ ነገር ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ የንግድ ስሙን ትተው በካርቶኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ያነጻጽሩ፣ ካልገባዎ ሁለቱንም ካርቶን ፎቶ አንስተው ለፋርማሲስት ያሳዩ።

የተጠረጠረ መድኃኒት ሲያጋጥም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው፤ ስለ ወረርሽኝ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335። ሲደውሉ የንግድ ስሙን፣ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ይያዙ፤ እነዚህ ካልተያዙ ጥቆማው የትም አይደርስም። በአማርኛ የሚያጣሩ እንደ ሐቅቼክና ኢትዮጵያ ቼክ ያሉ ገጾችም አሉ፣ ከመድከምዎ በፊት ቀድመው ሠርተውት እንደሆነ ይፈልጉ።

ሲመልሱ

ለታላቅ ሰው በግሩፕ ፊት «ይህ ውሸት ነው» ብሎ መመለስ ክርክሩን ያሸንፍ ይሆናል፣ ሰውየውን ግን ያሳጣዎታል። በግል ይጻፉ። ማንበብ የሚከብዳቸው ከሆነ ድምፅ ይቅዱ፣ ከ40 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ለጨው ውኃው መልእክት ለምሳሌ፦

«እትዬ፣ እንደምን አመሹ? የላኩትን አየሁት፣ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። የጨው ውኃው ለጉሮሮ ሕመም በጣም ጥሩ ነው። በሽታው እንዳይዝ ግን አይከለክልም፤ ስለዚህ የሚያስለው ሰው ተጉመጥምጦም ቢሆን ለቅሶ ባይሄድ ይሻላል። ግሩፑ ላይ እርስዎ ራስዎ ቢጽፉት ሰው ይሰማዎታል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዉ። እርማቱ ከራሳቸው ከወጣ ክብራቸው አይነካም፣ ተሰሚነቱም ይበልጣል። በግል ተነግሯቸው ዝም ካሉ፣ ነገሩም ከላይ ካልናቸው ሦስት አደጋዎች አንዱ ከሆነ፣ ግሩፑ ላይ ስማቸውን ሳይጠሩ ትክክለኛውን ብቻ ይጻፉ። የተሳሳተውን ቃል መልሰው አይድገሙት፤ ሰው ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው የተደጋገመውን እንጂ «አይደለም» የሚለውን አይደለም።

ጸበልና መድኃኒትን አያጋጩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉን እየተጠቀሙ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። «የትኛውን ታምናለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንዲጥል በር ከፍቷል። የሚጠየቀው «ክኒኑን ይዘህ ነው የምትሄደው?» ነው።

ጥርጣሬው ሥር ያለው መሆኑንም ይወቁ። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ለጋሾች ደም በኤችአይቪ ፍርሃት በድብቅ ሲደፋ መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በጋዜጣ ሲወጣ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። በአገር ቤትም ኮሌራ ለዓመታት «አተት» በሚል ምሕፃረ ቃል ሲጠራ ሕዝቡ ሌላ ነገር ተደብቆበት እንደሆነ ጠርጥሯል። እንዲህ ያለ ነገር ያየን ሰው «ለምን ትጠራጠራለህ?» ማለት ስድብ ነው። «ያ ሆኗል፣ ልክ ነህ» ካሉ በኋላ የዛሬውን ጉዳይ ለብቻው ያንሱ።

ቻናል ካለዎት

ተሳስተው ከለጠፉ ጽሑፉን አስተካክሎ ማለፍ አይበቃም። ቴሌግራም ላይ ኤዲት ያደረጉት ቻናልዎ ላይ ብቻ ይታረማል፤ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ እንደነበረ ይቀራል። ለዋናው ጽሑፍ ሪፕላይ አድርገው አዲስ እርማት ይለጥፉ፣ ፒን ያድርጉት፣ አሮጌውንም «ታርሟል» ብለው ከላዩ ይጻፉበት። ሐሰተኛ ምስል ሲያሳዩ ምልክቱን ከጥግ ሳይሆን መሐል ለመሐል ያትሙት፤ ጥግ ላይ ያለው ይቆረጣል። ሕጉንም ያስቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ቅጣቱን ያከብደዋል።

ከባዱ ጊዜ መልስ የሌለበት የመጀመሪያው ቀን ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ መጀመሪያ የተነገረው ደም የሚያፈስ የትኩሳት በሽታ መጠርጠሩ ብቻ ነበር፣ ማርበርግ መሆኑ የተረጋገጠው ኅዳር 5 ነው። በእንዲህ ያለው ክፍተት ዝም ካሉ ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ ከገመቱ ደግሞ ማግስቱን ይሳሳታሉ። አራት መስመር ይጻፉ፦ የሚታወቀው፣ የማይታወቀው፣ እስከዚያው የሚደረገው፣ ቀጣዩ መረጃ የሚመጣበት ሰዓት። ለምሳሌ «የሚታወቀው፦ የታመሙ ሰዎች አሉ፣ ናሙና ተልኳል። የማይታወቀው፦ የበሽታው ዓይነት። እስከዚያው፦ የታመመን ሰው ደም፣ ትውከትና ፈሳሽ በባዶ እጅ አይንኩ፣ አስከሬን ራስዎ አይጠቡ፣ 8335 ይደውሉ። ቀጣይ፦ ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት።» ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፉ «በእኛ» ብለው ያክሉበት፤ ዋሽንግተንም ቤይሩትም ያለ ሰው ይህንኑ ያነባል። በ6 ሰዓት አዲስ ነገር ባይኖርም «አዲስ ነገር የለም» ብለው ይለጥፉ፣ የሚቀጥለውንም ሰዓት ይጻፉ።